ጋሽ ቆይማና የቅጠሉ ጉዞ

በዚህ ዓለም ላይ አንድ ችኩል ሰው በተወለደ ቁጥር እሱን የሚያስቆም ሌላ ሰው አብሮት ይወለዳል። ይህን ሳይንስ አላረጋገጠውም፤ ጉዳይ ይዞ የዞረ ሰው ሁሉ ግን ያውቀዋል። በየመዝገብ ቤቱ፣ በየንብረት ክፍሉ፣ በየመድኃኒት ቤቱ መስኮት ጀርባ ቢያንስ አንድ አይጠፋም። እናንተ ላብ በላብ ሆናችሁ ስትደርሱ እሱ መነጽሩን ይወለውላል። "እባክህ ቶሎ በልልኝ" ስትሉት፣ ቶሎ የሚባለው ነገር ምን እንደነበር ለማስታወስ እየሞከረ ቀና ብሎ ያያችኋል። የሌላው ሰው እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ሲሄድ፣ የእሱ እንቁላል ለመነሳት ገና እያሰበበት ነው።

የዚህ ወገን አለቃ፣ ባለ ዘጠኝ ቁልፉ፣ የሦስት አጉሊ መነጽሮች ሞግዚት፣ ክቡር ጋሽ ቆይማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ይህ አይደለም። ግን ከአፋቸው ከሚወጣው ቃል ግማሹ "ቆይማ" ስለሆነ ተማሪው ይህን ስም አወጣላቸው፤ መምህራኑም ተቀበሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያው ስለኖሩና ከሳቸው በፊት የተቀጠረ ሰው ግቢው ውስጥ ስለሌለ፣ ድሮ ምን ይባሉ እንደነበር የሚያውቅ የለም።

ስለሳቸው የማይወራ የለም። አንድ ጊዜ የቤተ ሙከራው ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው ቁርጭምጭሚት ሲደርስ፣ ሰው ሁሉ "ዝጉት! ዝጉት!" እያለ ሲራኮት፣ እሳቸው ሱሪያቸውን ሰብስበው "ቆይማ፣ መጀመሪያ ከየት እንደሚመጣ እንየው" ብለው አጎነበሱ። ርዕሰ መምህሩ ትኩሳት ይዟቸው ቴርሞሜትር ቢያስጠይቁ፣ "ቆይማ፣ ይሄ የውሃ ነው፤ የሰው ይኖረን ይሆናል" ብለው ፍለጋ ገቡ። ይዘው ሲወጡ ርዕሰ መምህሩ ድነው ስብሰባ እየመሩ ነበር። አውቶቡስ ሲጠብቁ እንኳ የመጀመሪያውን ያሳልፋሉ። "እሱ ለቸኮለ ሰው ነው" ይላሉ። ተማሪ ብርጭቆ ከሰበረ አይቆጡም፤ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይሉና መጥረጊያ ያቀብሉታል። ይህን ተረት በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሉት የብርጭቆዎቹ ቁጥር ይናገራል።

የባዮሎጂ መምህርቷ ግን መቆየት የማትችልበት ምክንያት ነበራት። የተቀጠረችው ለአንድ ዓመት ሙከራ ነው። ዓመቱ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሱፐርቫይዘር መጥታ አንድ ክፍለ ጊዜ ስታስተምር ታያታለች፤ ውጤቷ ካማረ ቋሚ ትሆናለች፣ ካላማረ ደብተሯን ሰብስባ ወደ ቤቷ። ቤቷ ደግሞ ልብስ ሰፊ እናቷ አሉ፤ "ልጄ ቋሚ ሆነች" ብለው ለደንበኞቻቸው ሁሉ አስቀድመው የነገሩ።

ለዚያ ቀን የደረሳት ትምህርት ሳይቶፕላዝም በሕያው ሴል ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀስና ንጥረ ነገሮችን እንዴት እንደሚያጓጉዝ ነው። ሳይቶፕላዝም ሴሉን የሞላው፣ እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለገው ነገር ነው። መጽሐፉ "በውሃ ሣር ቅጠል ላይ በአጉሊ መነጽር በቀላሉ ይታያል" ይላል። መምህርቷ ዩኒቨርሲቲ እያለች ሴሉን በእርሳስ ስላ፣ ዙሪያውን በቀይ እስክሪብቶ ቀስት አድርጋበት ሙሉ ነጥብ አግኝታለች። የሚጎድላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አይታው አታውቅም። የምታውቀው ቀስቱን ነው።

ስለዚህ ልትለማመድ ወደ ጋሽ ቆይማ ሄደች። ክቡርነታቸው የውሃ ሣሩን በመስኮቱ ሥር በመስተዋት ገንዳ ያሳድጋሉ፤ ጠዋት ጠዋት ደህና አደርክ ይሉታልም እየተባለ ይታማሉ።

"ጋሼ፣ አንድ ቅጠል ይስጡኝ፤ ቶሎ አይቼ ልመለስ፣ ክፍል አለኝ።"

"ቆይማ። ቅጠል በቶሎ አይታይም።"

"ቅጠል እኮ ነው ጋሼ!"

"መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ።"

ታጠበች። ዘጠኙ ቁልፎች አንድ በአንድ ተሞከሩ፤ የሚከፍተው እንደ ወትሮው ዘጠነኛው ነበር። አጉሊ መነጽሩ ከአሮጌ መጋረጃ የተሰፋለትን ልብስ አወለቀ። እሷም ቅጠሏን መስተዋቱ ላይ አስተኝታ፣ እጇ እንደለመደው አንድ ጠብታ አዮዲን ጣል አደረገችበት። ተማሪ ሳለች ያየችው ነገር ሁሉ አዮዲን የተነከረ ነበርና አዮዲን የሌለው ሴል ጨው የሌለው ምግብ ይመስላታል። አየች። የሴሎቹ ግድግዳ ጥርት ብሏል፣ ሁሉም በየቦታው ተደርድሯል፣ አንድም የሚነቃነቅ የለም።

"አይሄድም!" አለች።

ጋሽ ቆይማ አጎንብሰው ለረጅም ጊዜ አዩና ቀና አሉ። "ልጄ፣ ገደልሻቸው።"

"ምን አደረግኩ?"

"አዮዲን ጨመርሽ። ይሄ አስከሬን ነው። ቆንጆ አስከሬን ነው፤ ግን ወዴትም አይሄድም።"

ማታ ቤት ስትገባ እናቷ ስፒል በከንፈራቸው እንደያዙ ጠየቁ። "እህ፣ ሄደ?"

"አልሄደም እማዬ።"

"ቅጠል ደግሞ ወዴት ይሄዳል ብለሽ ነው!" ስፒሉን አወጡ። "ለአንድ ቅጠል ብለሽ እንጀራሽን እንዳታጪ፣ ልጄ። ሰውዬውን ተያቸውና ሥዕል አሳዪ።"

መምህርቷ ምክሩን ልትሰማ ምንም አልቀራትም ነበር። በማግስቱ ቅጠሉን በቧንቧ ውሃ አድርጋ ብትሞክር ቀዝቅዞ ደንዝዞባት ዋለ። "ከእንቅልፉ ያልነቃን ሰው ሩጥ ትይዋለሽ?" አሏት ጋሽ ቆይማ፤ ለሕፃን ገላ የሚሆን ለብ ያለ ውሃ አምጥተው፣ መብራቱን አስጠግተው፣ ሩብ ሰዓት አስቀመጧት። ሩብ ሰዓቱ ሲያልቅ፣ መቼም ትዕግሥቷም አብሮ አልቋልና፣ መሸፈኛ መስተዋቱን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ሴሎቹ ተጨፈለቁ። ጋሽ ቆይማ ምንም ሳይሉ ሌላ ቅጠል ቀነጠሱ። ያ ዝምታቸው ከ"ቆይማ"ው ይብስ ነበር፤ ደሟ ፈላ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ተሳካላት። ዓይኗን ገና ከማስጠጋቷ የሴሎቹ አረንጓዴ ፍሬ ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ግራ ሲጓዝ አየች። "ሄደ! ጋሼ፣ ሄደ!" ብላ እንደ ልጅ ጮኸች።

እሳቸው መጡ። አጎነበሱ። ቆዩ። አሁንም ቆዩ።

"ግድግዳውን አየሽው?"

"የምን ግድግዳ? አረንጓዴው እየሄደ ነው እኮ!"

"ግድግዳውም እየሄደ ነው። ይሄ ውሃው ነው፣ ልጄ። ዳር ዳሩን ሲደርቅ ቅጠሉን እየጎተተው ነው። ቤቱ ከነሰዎቹ በጎርፍ ቢወሰድ፣ ሰዎቹ ተጓዙ ይባላል? ሕይወት የሚባለው ግድግዳው ቆሞ አረንጓዴው ሲሄድ ነው። ደግሞም ሁሉም ወደ አንድ ወገን አይሄድም፤ በአንዱ ጥግ ይወጣል፣ በሌላው ይወርዳል።"

መምህርቷ እንባዋ መጣ። "ታዲያ ምን ችግር አለው? ይንቀሳቀሳል አይደል? ሱፐርቫይዘሯ በምን ታውቃለች? በአርባ ደቂቃ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ካላሳየሁ እባረራለሁ፣ ጋሼ! እርስዎ መቸኮል ምን እንደሆነ ስለማያውቁ ነው።"

ጋሽ ቆይማ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እንደዚያ ሲቀመጡ አይታቸው አታውቅም።

"እኔን ድሮ ማን ይሉኝ እንደነበር ታውቂያለሽ?" አሉ። "ንፋሱ። አዎ፣ እኔን። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሃምሳ ተማሪ አሳይቼ እጨርስ ነበር። 'አየህ? ቀጥል! አየሽ? ቀጥይ!' የመንደሩ መምህር ሁሉ 'እሱን አበድሩን' ይል ነበር። ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ አሳያለሁ፤ ማንም ግድግዳውን እይ ያለኝ የለም። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ከአጉሊ መነጽሩ ላይ አልነሳ አለች። 'ቀጥይ!' አልኳት። 'ቆይማ ጋሼ፣ ግድግዳው ለምንድነው አብሮ የሚሄደው?' አለችኝ።" ቁልፎቻቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "አሥራ አንድ ዓመት ውሃ ሳሳይ ኖሬያለሁ። ሐኪም የሆኑ አሉ ከውስጣቸው። መንገድ ላይ ሳገኛቸው 'ጋሼ፣ ያኔ ያሳዩን ነገር አይረሳንም' ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስ?"

 መምህርቷ ያን "ቆይማ" ከማን እንደተዋሱት ሲገባት፣ ስንት ጊዜ በስተጀርባቸው እንደሳቀችበት ትዝ አላትና አፈረች።

እንዲያ እያወሩ ቅጠሉ ሲሞቅ ኖሯል። ጋሽ ቆይማ ጠርዙ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጨምረው "እስቲ አሁን" አሏት። አየች። ግድግዳዎቹ እንደ ጡብ ተደርድረው ፀጥ ብለዋል። መጀመሪያ አንድ አረንጓዴ ፍሬ ብቻዋን ተንቀሳቀሰች፤ ጥግ ጥጉን ይዛ ሄደች፣ ማዕዘኑ ላይ ስትደርስ ቀነስ አድርጋ ታጠፈች። ከኋላዋ ሌላ መጣች። ከዚያ ሌሎች። በቀኝ በኩል ይወጣሉ፣ በግራ ይወርዳሉ፤ በጎረቤቱ ሴል ያሉት ደግሞ በራሳቸው መንገድ ይዞራሉ። አንዷን በዓይኗ ተከተለቻት፤ አንድ ዙር ለመጨረስ አንድ ደቂቃ ያህል ፈጀባት። የሚገፋት ማንም የለም።

"አረንጓዴዎቹ ተሳፋሪ ናቸው" አሉ ከጀርባዋ። "የሚሸከማቸውን አታይውም። ምግቡንም፣ ሌላውንም የሚያደርሰው እሱ ነው።"

መምህርቷ እያየች ቀረች። ክፍል ነበራት፤ ዘገየች። ማታ እናቷ "ሄደ?" ሲሏት "ሄደ እማዬ" ብላ አቀፈቻቸው፤ እናትየውም ቅጠሉ ወዴት እንደሄደ ሳይገባቸው ደስ አላቸው።

የግምገማው ቀን ደረሰ። ሱፐርቫይዘሯ ዓይኗ ከእጅ ሰዓቷ የማይነቀል፣ ቅጽ በብብቷ የያዘች ሴት ናት። ከበሩ እንደገባች ግን ዙሪያውን አይታ ፈገግ አለች። "ይሄ ክፍል ምንም አልተለወጠም! እኔ እዚሁ ነው የተማርኩት፤ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት። ጋሼ፣ አሁንም አሉ?"

"አለሁ" አሉ ጋሽ ቆይማ። መምህርቷ ሒሳቡን በልቧ ሠራችው፤ ከሠላሳ አንድ ሃያ ሁለት ሲነሳ ዘጠኝ። ንፋሱ በነበሩበት ዘመን ማለት ነው። ጋሽ ቆይማም ሳይሠሩት አልቀሩም፤ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደው ቆሙ።

ሠላሳ ስምንት ተማሪ ተቀምጧል። መምህርቷ ቅጠሉን ለብ ባለ ውሃ አስተኝታ መብራቱ ሥር ካስቀመጠች ገና አምስት ደቂቃ አልሞላም። ማስተማር ጀመረች። ሱፐርቫይዘሯ ግን ሌላ ትምህርት ቤት ትጠበቃለች። "እናንተ ቀጥሉ፣ እኔ አንድ ጊዜ ልይ" ብላ ተነስታ አጎነበሰች።

"አሃ! አየሁት!" አለች ወዲያው። "ልክ ያኔ ጋሼ ያሳዩን ነው! እንደ ወንዝ ይፈስሳል! አይ ጋሼ፣ በዚህ ምክንያት እኮ ነው ሳይንስ የወደድኩት።" ቀና ብላም ቅጹ ላይ፣ ተግባራዊ ማሳያ በሚለው ትይዩ፣ ከአምስት አምስት ጻፈች።

መምህርቷ ጠጋ ብላ አየች። ግድግዳው ከነአረንጓዴው ቀስ እያለ ወደ ግራ ይሄዳል።

ዝም ብትል ቋሚ ናት። ብትናገር አምስቱ ይሰረዛል፣ ሰዓቱም ይበላል። እሱ ይሁን፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ አለ። በሠላሳ ስምንት ተማሪ ፊት፣ ይህች ሴት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የያዘችው ትዝታ የደረቀ ውሃ እንደነበር፣ ያሳዩዋትም እኚያ ሽማግሌ እንደሆኑ መናገር ሊሆን ነው። ወደ ጋሽ ቆይማ ዞረች። ከፊቷ ገብቷቸዋል። ተይው በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ፤ የግድግዳውን ሰዓት አይተው "መምህርት፣ ደቂቃው እየሄደብሽ ነው፤ ቶሎ ብትቀጥይ ይሻላል" አሉ።

ቶሎ! ከዚያ አፍ! ከፊት የተቀመጡት ተማሪዎች ተያዩ።

ለእሷ ብለው እንደሆነ ገባት። ሃያ ዓመት የጠበቁትን ሕግ፣ እሷ ሥራ እንዳታጣ ብለው በአንድ ቃል ጣሉላት። ልቧ ተነካ፤ መቀጠል ያቃታትም በዚሁ ምክንያት ነው። አፏን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት ከቁም ሣጥኑ በኩል ሌላ አፍ ተከፈተ፤ ለካ እሳቸውም ያሉትን ቃል መዋጥ አቅቷቸዋል።

"ውሃው ነው" አሉ ሁለቱም በአንድ ላይ።

"ምኑ?" አለች ሱፐርቫይዘሯ።

"ያዩት ነገር ልክ አይደለም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች መምህርቷ። "ቅጠሉ ነው እየተንሳፈፈ ያለው። ግድግዳው አብሮ ይሄዳል፤ ደግመው ቢያዩት ይገባዎታል። ቅጠሉ ገና አልሞቀም። ትንሽ መጠበቅ አለብን።"

ሱፐርቫይዘሯ ደግማ አየች። ፊቷ ተለወጠ። ቅጹ ላይ አምስቱን ሰረዘች።

መምህርቷ ጠርዙ ላይ ውሃ ጨመረች፣ መብራቱን አስጠጋች፣ ወደ ሰሌዳው ተመለሰች። የሚያዋጣት ማስተማር ብቻ ነበር። "ሴል ልብ የለውም፣ የደም ሥር የለውም" አለች። "በአንድ ጥግ የተሠራ ምግብ ሌላው ጥግ እንዴት ይደርሳል? ቅርብ ከሆነ በራሱ ተበትኖ ይደርሳል። ሩቅ ሲሆን ግን ያ ብቻውን አይበቃም፤ እስኪደርስ ይዘገያል። ስለዚህ በሴሉ ውስጥ ቀጫጭን ክሮች ተዘርግተዋል። በክሮቹ ላይ ጥቃቅን ፕሮቲኖች ሸክም ይዘው ይራመዳሉ፤ ሲራመዱም ፈሳሹን አብረው ይጎትቱታል። ለእርምጃው ሁሉ ጉልበት ይከፈላል። ጉልበቱ ሲያልቅ ጉዞው ይቆማል።"

"ከቀዘቀዘስ?" አለ አንዱ።

"ይደክማል።"

"እንደኛ ነዋ!" ክፍሉ ሳቀ። ሱፐርቫይዘሯ አልሳቀችም። ሰላሳ ደቂቃ ሆነ። ሰላሳ አምስት ሆነ። መምህርቷ በየመሐሉ ታያለች፤ ፀጥ እንዳለ ነው። ደወሉ ተደወለ። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ብቅ ብለው መኪናው እየጠበቀ መሆኑን ተናገሩ። ሱፐርቫይዘሯ ቅጿን አጠፈች፤ ተነሳች።

ያኔ መምህርቷ በመጨረሻው ተስፋዋ አጎነበሰች። ግድግዳው ቆሟል። ጥግ ላይ አንዲት አረንጓዴ ፍሬ ታጠፈች።

"እባክዎ" ብቻ ነው ማለት የቻለችው።

ሱፐርቫይዘሯ እንደቆመች በአንድ ዓይኗ አየች። ከዚያ በእጇ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ርዕሰ መምህሩ አንድ ጊዜ ሳሉ። ሁለተኛ ሳሉ። ተማሪዎቹ ከክፍሉ መውጣት ትተው በጠረጴዛው ዙሪያ ተሰበሰቡ።

"ይወጣል፣ ይወርዳል" አለች ሱፐርቫይዘሯ ዓይኗን ሳታነሳ። "ግድግዳው አልተነቃነቀም።" ከዚያ ቅጹን ዘርግታ እስክሪብቶ አወጣች። "ሰዓት አጠቃቀም ላይ ከአምስት አንድ ነው የምሰጥሽ፤ ከዚህ በላይ ሕሊናዬ አይፈቅድም።"

"እሺ።"

"ሌላው ሁሉ ሙሉ ነው። አልፈሻል።"

 ሱፐርቫይዘሯ ግን አልተነሳችም። ወደ ቁም ሣጥኑ ዞረች።

"ጋሼ።"

"አቤት።"

"ያኔ ያየሁት ታዲያ ምን ነበር?"

 መምህርቷ ዘጠኙን ቁልፎች ጨብጠው የቆሙትን ሽማግሌ አየች። ዓመቱን ሙሉ ስታማቸውና ስታማርራቸው የኖረች ሴት፣ እንደ አባቷ እንደምትወዳቸው ያወቀችው በዚያች ደቂቃ ነው። የሆነ ነገር ፈጥራ ልትመልስላቸው፣ ልትጋርዳቸው ፈለገች። እሳቸው ግን ወደ ፊት መጡና ልክ እንደ ድሮ ተማሪያቸው አይተው መለሱላት።

"የኔ ችኮላ ነበር፣ ልጄ።"

 ሱፐርቫይዘሯ ከአጉሊ መነጽሩ ፊት ተነስታ ወንበሩን ለቀቀችላቸው።